ወንድም ለቀለብ ቤተሰብ፣ ለመድን ባዕድ

ታናናሾቹን የሚያሳድግ ነጋዴ አቅሙ የሚፈቅደውን የጤና መድን ከየት ያገኛል?

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ ነጋዴው ስለ እሳት መድን እንደገና እንዲያስብ የሚያደርግ ነበር። ለሸቀጡ፣ ለመጋዘኑና ለመኪናው ዋጋ ይወጣል፤ አረቦን ይከፈላል፤ ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል። ከዚሁ ነጋዴ ጋር የሚኖሩት፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ውለው ማታ ሱቅ የሚያግዙት ታናሽ ወንድምና ታናሽ እህት ግን ብዙውን ጊዜ በየትኛውም የመድን ሰነድ ላይ ስማቸው የለም። ከሁለቱ አንዱ ትርፍ አንጀት የታመመ ዕለት የሚከፈለው ከዚያው ከሱቁ ካዝና ነው። ለዕቁብ የተቀመጠው፣ ለግብር የተያዘው፣ ለአከፋፋዩ የሚመለሰው ገንዘብ በአንድ ሌሊት ሐኪም ቤት ይገባል። ሕመምተኛው ይድናል፤ ንግዱ ግን ወራት ያነክሳል።

በከተማው የንግድ ሠፈር ታላቅ መሆን ግማሽ አባት መሆን ነው። አንዱ እናትና አባቱን አጥቶ ታናናሾቹን ይረከባል። ሌላው ወላጆቹ በአገር ቤት በሕይወት እያሉ ታናሹን ለትምህርት ብሎ ወደ ከተማ ያስመጣል። ሁለቱም ያበላሉ፣ ያለብሳሉ፣ ያስተምራሉ፤ ያሳክማሉም። ወደ መድን መስኮት ሲቀርቡ ግን "ልጅህ ነው?" የሚል ጥያቄ ይገጥማቸዋል።

ለመሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በአቅሙ የሚገዛ የጤና መድን አለ ወይ? አለ። እንቅፋቱ ዋጋው ብቻ አይደለም፤ "ቤተሰብ" የሚለው ቃል በየሰነዱ የተለያየ ትርጉም መያዙ ነው። ይህን ቀድሞ ያወቀ ትክክለኛውን በር ያንኳኳል፤ ያላወቀ ደግሞ ወይ ሳይገዛ ይቀራል፣ ወይ የማይከፍለውን መድን ይገዛል።

ሕጉ ሲያዝዝና ሕጉ ሲሰጥ

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀለብ የመስጠትን ግዴታ የጣለው በወላጅና በልጅ መካከል ብቻ አይደለም። ወንድማማቾችና እህትማማቾችም አንዱ ሲቸገር፣ ሠርቶም ራሱን መቻል ሲሳነው ሌላው እንዲደርስለት ሕጉ ያዝዛል። ቀለብ ሲባልም ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስ፣ ትምህርትና ጤና በውስጡ ይገባሉ። ስለዚህ ታናሹን ማሳከም የደግነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግ ዕዳም ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ከሁለቱ ከተሞች ውጭ ያለ አንባቢ የክልሉን ሕግ ማየት ይኖርበታል።

ዕዳውን ለታላቁ ያሸከመው ሥርዓት ጥቅም ሲያከፋፍል ግን ታናሹን ይረሳዋል። የጡረታ ሕጉ ተተኪ ብሎ የሚቆጥራቸው የትዳር ጓደኛን፣ ልጆችንና ወላጆችን ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690ም ከአባሉ ጋር ተጠቃሚ የሚያደርገው የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ነው። ይህ አዋጅ ከደመወዝተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪውም 3 በመቶ መዋጮ እንዲሰበሰብበት የታቀደ ሲሆን፣ ሥራ የሚጀምርበት ጊዜ በተደጋጋሚ ሲራዘም ኖሯል። ቢጀመርም በደመወዝ ለማይተዳደረው ነጋዴና ደላላ የተሠራ አይደለም። የግል የመድን ኩባንያዎችም በቡድን የሕክምና ውላቸው ላይ "ጥገኛ" ብለው የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ሚስትን ወይም ባልን እና ልጆችን ነው።

እንግዲህ ታናሹ ለቀለብ ሲሆን ቤተሰብ፣ ለመድን ሲሆን ባዕድ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

የመጀመሪያው በር፦ ወረዳው ጤና መድን

ለነጋዴው ቅርብና ርካሽ የሆነው በር ብዙ ነጋዴ "የገበሬ ነው" ብሎ የሚያልፈው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ በሙከራ ተጀምሮ ኋላ ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ወደ ከተሞች ተስፋፍቷል። የታሰበውም በደመወዝ ለማይተዳደር ሰው ሁሉ ነው፤ ገበሬው፣ ባለ ሱቁ፣ ደላላው፣ ባለ ጋሪው በአንድ መዝገብ ይገባሉ።

ታናናሾችን ለሚያሳድግ ሰው የዚህ መድን ዋና ጥቅም አባልነቱ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ደረጃ መሆኑ፣ ከዚያም አልፎ ከባል፣ ከሚስትና ለአካለ መጠን ካልደረሱ ልጆች ውጭ ያለ የቤት ሰው ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎለት የሚገባበት መንገድ ያለው መሆኑ ነው። በሙከራው ዘመን የነበረው ተመን አሠራሩን በግልጽ ያሳያል። በኦሮሚያ አንድ ቤተሰብ በወር 15 ብር ሲከፍል፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 3 ብር ይጨመርበት ነበር። በደቡብ ለቤተሰቡ 10 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ለተጨማሪው ሰው 2 ብር ከ10 ሳንቲም ነበር። በሁለቱም ቦታ ተጨማሪው ሰው የሚያስወጣው ከቤተሰቡ መዋጮ አንድ አምስተኛ ነው። ብሩ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ ልኩም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የዘንድሮው ተመን በሚኖሩበት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል። ነገር ግን ነጋዴ የሚያነሳው ጥያቄ "ለቤተሰቡ ስንት ነው?" ብቻ መሆን የለበትም። "አብሮኝ ለሚኖር ታናሽ ወንድሜ ስንት ይጨመራል?" ብሎ ለይቶ መጠየቅ አለበት። ሳይጠየቅ የማይነገር ዋጋ በመድንም ቤት አለና።

አባልነቱ በቤተሰብ መሆኑ ግዴታም አለበት። ጤነኞቹን አስቀርቶ የታመመውን ብቻ ማስመዝገብ አይቻልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም ሕመምተኛውን ብቻ ቢያስገባ ሣጥኑ በአንድ ወቅት ባዶ ይቀራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ጌጥ የሚሆነው ግን ሃምሳውም ሲሸከሙ ነው።

ሽፋኑ ምንድን ነው? ውል በተገባባቸው የመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሰጥ የተመላላሽና ተኝቶ ሕክምና፣ ምርመራና መድኃኒት ነው። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና አይካተቱም። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ወደ ሆስፒታል የሚኬደው በሪፈራል ነው። በሙከራው ዘመን ያለ ሪፈራል ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ራሱ እንዲሸፍን ይደረግ ነበር። ቸኩሎ ሆስፒታል በር ላይ የሚደርስ ነጋዴ ይህን ሥርዓት ካልተማረ ካርድ ይዞም ከኪሱ ይከፍላል።

ጉድለቱም አይደበቅም። አባላት አዘውትረው የሚያሰሙት ቅሬታ የመድኃኒት እጥረት ነው፤ በጤና ጣቢያው የጠፋ መድኃኒት ከግል መድኃኒት ቤት በኪስ ገንዘብ ይገዛል። ወረፋውም አለ። የግል ክሊኒክ የለመደ ሰው ይህን ላይወደው ይችላል። ይሁንና ቀዶ ሕክምናና ሳምንታት ተኝቶ መታከም የመጣ ቀን ካዝና የሚያራቁተው ወረፋው ሳይሆን ሒሳቡ ነው።

ሁለተኛው በር፦ የኩባንያ ውል

የግል መድን ኩባንያዎች የጤና መድንን በብዛት የሚሸጡት ለድርጅት፣ በቡድን ነው። አንድ ግለሰብ ሁለት ታናናሾቹን ይዞ ቢቀርብ ኩባንያው ይፈራል፤ "ካልታመሙ ለምን መጣ?" ይላል። ድርጅት ያለው ሰው ግን ለሠራተኞቹ የቡድን ውል ሲገዛ የሚደራደርበት አቅም አለው። እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የሚስተው ነገር አለ። "ጥገኛ" የሚለው ቃል ትርጉም የሚወሰነው በውሉ ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት "ሠራተኛው በሕግ ሞግዚት የሆነላቸው ታናናሾች" የሚል ሐረግ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል። ኩባንያው አረቦን ጨምሮ ሊቀበል፣ ወይም ሊከለክል ይችላል። ከተፈረመ በኋላ ግን የሚለመን እንጂ የሚደራደሩበት ነገር አይኖርም።

ታናሹ ለሥራ የደረሰና በእውነት በድርጅቱ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ እንደ ጥገኛ ሳይሆን እንደ ሠራተኛ በራሱ ስም ሊገባ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሥራ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ዕድሜ 15 ዓመት ሲሆን፣ ከ15 እስከ 18 ላለው ወጣት ልዩ ጥበቃ አለው። ሠራተኛ የሚባለው ግን ደመወዝ የሚከፈለው፣ ግብርና ጡረታ የሚቆረጥለት ነው። ለመድኑ ሲባል ብቻ በደመወዝ መዝገብ ላይ ስም ማስፈር ነገ በግብር ሰብሳቢውም በመድን ሰጪውም ፊት ያስጠይቃል። ለታናናሾች የሚከፈል የባለቤቱ የግል ወጪም ከንግዱ ትርፍ ላይ ተቀናሽ አይሆንምና በድርጅቱ ደብተር ውስጥ አለመቀላቀሉ ይበጃል።

የአረቦኑን ውድነት ለመመዘን የሚያስፈልገው የነጋዴ ሒሳብ ነው። ለማሳያ ያህል፣ አንዱ ኩባንያ ለአንድ ሰው 6,000 ብር አረቦን ጠይቆ የዓመቱን ጣሪያ 20,000 ብር ቢያደርግ፣ ለእያንዳንዱ 10 ብር ሽፋን 3 ብር ይከፈላል ማለት ነው። ሌላው 8,000 ብር ጠይቆ ጣሪያውን 80,000 ብር ቢያደርግ ለ10 ብር ሽፋን የሚከፈለው 1 ብር ነው። ርካሽ የመሰለው ውል ውድ ሆኖ ተገኘ። የጣሪያው ከፍታ በተለይ በተኝቶ ሕክምና ላይ መታየት አለበት። ጉንፋንና ቁርጠት ከኪስ ቢከፈሉ ንግድ አይዘጉም፤ ቀዶ ሕክምና ግን ይዘጋል። ስለዚህ አቅም ያጠረው ሰው የተመላላሹን ሕክምና ትቶ ተኝቶ ሕክምናውን ብቻ የሚሸፍን ውል ቢጠይቅ አረቦኑ ይቀልለታል።

ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠየቁት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የነበረ በሽታ ይሸፈናል ወይ? ሽፋኑ የሚጀምረው ከስንት ቀን በኋላ ነው? ኩባንያው ለሆስፒታሉ በቀጥታ ይከፍላል ወይስ ታካሚው ከፍሎ ደረሰኝ ያቀርባል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለነጋዴ ከባድ ነው። ከፍሎ ማስመለስ ማለት ገንዘቡ ለሳምንታት ከገበያ ወጥቶ ይቆያል ማለት ነውና።

ደላላና ወኪል አንድ አይደሉም። ወኪሉ የሚሸጠው የወከለውን ኩባንያ ውል ነው፤ የመድን ደላላው ግን ከበርካታ ኩባንያዎች ዋጋ አምጥቶ ያነጻጽራል። ሁለቱም ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። ፈቃዱን ሳያዩ፣ የኩባንያውን ደረሰኝ ሳይቀበሉ ገንዘብ መስጠት በመርካቶ ያለ ደረሰኝ ከመግዛት የከፋ ነው፤ ሸቀጡ የሚታየው የታመሙ ቀን ብቻ ነውና።

ወረቀቱ

የየትኛውም በር ቁልፍ ወረቀት ነው። ወላጆቻቸውን ያጡ ታናናሾች ጉዳይ በሕጉ መንገድ ተጠርጎለታል። የቤተሰብ ሕጉ እናትና አባት ሲሞቱ ሞግዚትነቱን በቅድሚያ ለአያቶች፣ እነሱ ከሌሉ አካለ መጠን ለደረሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ቀጥሎም ለአጎቶችና ለአክስቶች ይሰጣል። ታላቁ ይህን የሚያስረዳ የፍርድ ቤት ማረጋገጫ ከያዘ ለመድን ሰጪው ብቻ ሳይሆን ለቀዶ ሕክምና ፊርማ ለሚጠይቀው ሆስፒታልም መልስ አለው። ለማመልከቻው የወላጆች የሞት ማስረጃ፣ የታናናሾቹ የልደት ማስረጃና ዝምድናውን የሚያውቁ ምስክሮች አስቀድመው ቢዘጋጁ ጊዜ ይቆጥባሉ።

ወላጆቹ በሕይወት ያሉ ልጅ ነገር ሌላ ነው። ሞግዚቶቹ ወላጆቹ ናቸው፤ ታላቁ በሞግዚትነት ስም ማስመዝገብ አይችልም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚሻለው የወረዳው ጤና መድን ነው፤ እዚያ ዋናው ጥያቄ ልጁ ከማን ጋር ይኖራል የሚለው ነውና። ስለዚህ ታናሹ በከተማው ነዋሪነት መዝገብ በታላቁ ቤት ሥር መስፈሩ ይቀድማል። ልጁ በአገር ቤት በወላጆቹ ካርድ ላይ ተመዝግቦ እንደሆነም መጣራት አለበት። ያ ካርድ የሚሠራው የዚያ ወረዳ መድን ውል በገባባቸው ተቋማት ነው፤ ከተማ መጥቶ ሲታመም ላይጠቅመው ይችላል። ወላጆቹ ታላቁ እንዲያሳክመው የሚፈቅዱበት፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና መያዝም ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

የማያዋጣው አቋራጭ

አንዳንዱ ሰው ይህ ሁሉ ሰልችቶት ታናሹን "ልጄ ነው" ብሎ ሊያስመዘግብ ይፈተናል። አባባሉ በባህል ውሸት አይመስልም፤ አሳድጎታልና። በሕግ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ መድን ገቢው የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ሆን ብሎ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ፈራሽ ይሆንበታል። ኩባንያው አረቦኑን ሲቀበል የልደት ማስረጃ ላይጠይቅ ይችላል። ከባድ ሒሳብ የመጣ ቀን ግን ይጠይቃል። ያን ቀን ለዓመታት የተከፈለው ገንዘብ ውኃ በልቶት ይቀራል።

በነፃ ለሚገኝ ነገር መክፈልም አያዋጣም። የሕፃናት ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ልጁን መኪና ገጭቶት እንደሆነ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የገጨው ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው የሚገዙት የአደጋ መድንም አለ። ይህኛው ግን አደጋን እንጂ በሽታን አይሸፍንምና "ትምህርት ቤቱ ኢንሹራንስ አለው" ተብሎ መዘናጋት አይገባም። እድርም ቢሆን በአብዛኛው የሚደርሰው ለቀብር ነው፤ ከዚያ በፊት ላለው ሌሊት ሌላ ሣጥን ያስፈልጋል።

ማን የትኛውን ይያዝ?

የችርቻሮ ነጋዴና በኮሚሽን የሚያድር ደላላ የወረዳውን ጤና መድን ይዞ፣ ታናናሾቹን በተጨማሪ አባልነት አስገብቶ፣ ለመድኃኒትና ለግል ክሊኒክ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከዕቁቡ ለይቶ ቢያስቀምጥ ከዚህ የረከሰ መንገድ አያገኝም። ድርጅት ያቋቋመና ራሱም ደመወዝተኛ የሆነ ሰው የሞግዚትነት ማረጋገጫውን አስቀድሞ አውጥቶ በቡድን ውሉ ላይ ስለ "ጥገኛ" ቃል ይደራደር። ምንም የመክፈል አቅም የሌለው ቤተሰብ ደግሞ መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንለት መንገድ በማኅበረሰብ አቀፉ መድን ውስጥ ስላለ ለወረዳው ማመልከት ይችላል።

ሁለት ቀኖች በደብተር መጻፍ አለባቸው። አንዱ ካርዱ ወይም ውሉ የሚታደስበት ቀን ነው፤ ያለፈ ካርድ ሐኪም ቤት ሲደርስ ተራ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ታናሹ 18 ዓመት የሚሞላበት ቀን ነው። ያን ዕለት ሞግዚትነቱ ያበቃል፤ በሞግዚትነት ላይ የቆመ የመድን ሽፋንም ሊያበቃ ይችላል። ልጁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከገባ በግቢው ክሊኒክ ይታከማል፤ ሥራ ከያዘም በራሱ ስም ይመዘገባል። ሁለቱንም ካላገኘ ግን ያልቻለን ወንድም የመቀለብ ግዴታ በ18 ዓመት አይቆምምና ታላቁ ከወራት በፊት አዲሱን ሽፋን ማፈላለግ ይጠበቅበታል። የቼክ ቀነ ገደብ የማያልፈው ነጋዴ ይህኛውም ቀን ከቼክ አያንስበትም።